«ጨዋታ እኮ ነው» ሲሉን፦ የወላጆች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጠናል። የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚያሳውቁ ዝርዝሮች አልወጡም። ለመጀመሪያው ደብዳቤ ሰፊ ቦታ የሰጠነው ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነና ብዙ ወላጆች ሰምተውት ስለማያውቁ ነው።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ12 ዓመት ወንድና የ9 ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። ባለፈው እሑድ የእህቴን ልጅ ክርስትና ልናከብር ተሰብስበን ሳለ ልጆቹ ቤዝመንት ውስጥ ይጫወቱ ነበር። ማታ ቤት ስንገባ ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ ወንድሜ ወድቆ ነበር፤ ስጠራው አልሰማኝም፤ ከዚያ ተነሥቶ ሳቀ» አለችኝ። ቀስ ብዬ ስጠይቃት፣ ትልልቆቹ ልጆች በስልክ ያዩትን «ቻሌንጅ» እየሞከሩ፣ ትንፋሻቸውን አሳጥተው ራሳቸውን እየሳቱ እንደሚጫወቱ ነገረችኝ። እኔ የማታ ሥራ ነው የምሠራው፤ አባታቸው ታክሲ ይነዳል። እስካሁን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ነገሩን ባነሣበት የረሳውን አስታውሰዋለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ለአባቱ ብናገር ይመታዋል ብዬም ፈራሁ። ደግሞ ልጄ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይናገርም፤ የእኔ እንግሊዝኛም ከሥራ አያልፍም። ምን ብዬ ልጀምር?

መልስ

ውድ እናት፣ ደብዳቤዎ በደረሰን ዕለት በግል መልሰንልዎታል፤ እዚህ የምናወጣው ሌሎች ወላጆችም እንዲያነቡት ነው።

በቅድሚያ ስለ ፍርሃትዎ እናንሣ። ልጅዎ ይህን ነገር ከእርስዎ አይማረውም፤ ቀድሞ ያውቀዋል፣ ሞክሮታልም። የማያውቀው አደጋውን ብቻ ነው። አንጎል የራሱ የኦክስጅን ስንቅ የለውም፤ ደም የሚያደርስለትን በየሰከንዱ እየተጠቀመ የሚኖር አካል ነው። ልጆቹ «ደስ የሚል መፍዘዝ» የሚሉት ስሜት አንጎል ኦክስጅን ሲያጣ የሚመጣ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ራስን መሳት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይከተላል፤ ራሱን የሳተ ልጅ ደግሞ ራሱን ማዳን አይችልም። ብቻውን ከሆነ የሚደርስለት የለም።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ዘገባ፣ ከ1995 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት በዚህ ጨዋታ ሳይሞቱ አልቀሩም ያላቸውን ከ6 እስከ 19 ዓመት የሆኑ 82 ልጆችና ወጣቶች ከዜና ዘገባዎች አሰባስቧል። ከእነዚህ 71ዱ ወንዶች ሲሆኑ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ገደማ ነበር። ሁኔታው ከታወቀላቸው 73 ልጆች ውስጥ 70ዎቹ የሞቱት ብቻቸውን ሳሉ ነው። ይህን ለእርስዎ የምንጽፈው በተለይ ለአንድ ቁጥር ስንል ነው፤ ስለ ወላጆቹ መረጃ ከተገኘባቸው 42 ሞቶች ውስጥ በ39ኙ ወላጆች ልጃቸው እስኪሞት ድረስ እንዲህ ያለ ጨዋታ መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር። እርስዎ ግን በትንሿ ልጅዎ አንደበት በጊዜ ሰምተዋል።

በእነዚያ ዓመታት ቲክቶክ የሚባል ነገር እንዳልነበረም ልብ ይበሉ። ልጆች ጨዋታውን የሚማሩት አንዱ ከሌላው፣ በትምህርት ቤትና በዘመድ ቤት ነበር። ዛሬ ስልኩ ነገሩን ያፈጥነዋል፣ ያሰፋዋል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በጣሊያን ፓሌርሞ አንዲት የ10 ዓመት ሕፃን ከሞተች በኋላ የአገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ቲክቶክ ዕድሜያቸው ያልተረጋገጠ ተጠቃሚዎችን እንዲያግድ አዝዞ ነበር። ሆኖም መተግበሪያውን ከስልኩ ላይ ማጥፋት ብቻውን ልጅዎን ከዚህ ጨዋታ አያድነውም፤ የእሑዱ ቤዝመንት ለዚህ ምስክር ነው።

ለመነጋገር የሚመች ቦታ ይምረጡ። ሳሎን አስቀምጠው ፊት ለፊት ከሚጠይቁት፣ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ሆናችሁ ወይም አብራችሁ ዕቃ እያጠባችሁ ብታወሩ ይሻላል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ ዓይን ለዓይን መተያየቱ ሲቀርለት ይናገራል። እንዲህ ማለት ይችላሉ፦

«ልጄ፣ ስለ እሑዱ ነገር ልጠይቅህ ነው። አልቆጣህም፣ ስልክህንም አልወስድብህም። የሆነውን ብቻ ንገረኝ።»

«ናቲንግ ማሚ። ጨዋታ እኮ ነው።»

«ምኑ ላይ ነው ደስ የሚለው?»

ከዚህ በኋላ ዝም ቢል ዝምታውን አይሙሉት። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው፤ ልጁ ቃል ሲፈልግ እኛ ምክር እናዘንባለን፣ ምክሩ ሲበዛ እሱ ጆሮውን ይዘጋል። ጥቂት ቆይቶ «ሁሉም ያደርገዋል፤ ለትንሽ ሰኮንድ ብቻ ነው» ይል ይሆናል። «ሁሉም» ሲል «እኔ ብቻ ፈሪ ልባል?» ማለቱ ነውና መልስዎ ይህንን የሚያውቅ ይሁን። የራስዎን ልጅነት ይንገሩት። ሜዳ ላይ እየተሽከረከርን ሰማዩ ሲዞርብን ወድቀን የምንስቅ፣ ወንዝ ውስጥ ማን ይበልጣል እያልን ትንፋሽ የምንይዝ፣ ከጭነት መኪና ኋላ የምንንጠለጠል ልጆች ነበርን፤ ከመካከላችን ሳይመለሱ የቀሩም ነበሩ። ይህን የሰማ ልጅ እናቱ ስለማያውቀው ዓለም እየፈረደችበት እንዳልሆነ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ አጭርና ግልጽ ቃል ይናገሩ፦ «ትንፋሽ የሚያሳጣ ወይም ራስ የሚያስት ጨዋታ ሁሉ ሰው ይገድላል። ጎበዝ ስለሆንክ አይምርህም። ጓደኛህ ከወደቀ ሮጠህ አዋቂ ጥራ፤ ይህ ማሳበቅ አይደለም።» እንዴት እንደሚደረግ ግን አይዘርዝሩ፣ ቪዲዮውንም አብራችሁ አትመልከቱ።

ስለ ቋንቋው አይጨነቁ። እርስዎ በአማርኛ ይናገሩ፣ እሱ በሚቀናው ይመልስ፤ ያልገባዎትን «ይህ ምን ማለት ነው?» ብለው ይጠይቁት። ስልክዎ ላይ ኢሞና ቴሌግራም የጫነልዎት፣ የትምህርት ቤቱን ኢሜይል የሚያነብልዎት ይኸው ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ ማስረዳት ያውቅበታል። ሐኪም ዘንድ በምትሄዱበት ጊዜ ግን አስተርጓሚው እሱ ወይም እህቱ መሆን የለባቸውም፤ ክሊኒኩ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ይጠይቁ። ራሱን ስቶ እንደነበር ለሕፃናት ሐኪሙ መንገር ደግሞ ያስፈልጋል።

ትንሿን ልጅ አደራ። ወንድሟ ከማን እንደሰሙ ማወቁ ስለማይቀር መዋሸት አይጠቅምም፤ «እህትህ የሞትክ መስሏት ደንግጣ ነው የነገረችኝ» ይበሉት። እሷን ደግሞ ለብቻ አቅፈው፣ ደግ እንዳደረገች ይንገሯት። ዛሬ «አሳባቂ» ተብላ የተሰደበች ልጅ ነገ የባሰ ነገር ብታይ አትናገርም።

ለአባቱ መንገርዎ ግድ ነው፤ ነገር ግን ከልጁ በፊት፣ ለብቻው። «አባትህ ይስማ!» የሚለው ማስፈራሪያ በየቤታችን የተለመደ ነው፤ ልጁ ግን ከእሱ የሚማረው አባቱ እንዳይሰማ መጠንቀቅን ነው፤ በዚህ ጉዳይ ተደብቆ መጠንቀቅ ማለት በሩን ዘግቶ ብቻውን መሞከር ሊሆን ይችላል። ከላይ ያለውን ቁጥር ለአባቱ ያንብቡለት። ብቻቸውን የነበሩት 70 ልጆች ከማንኛውም ክርክር ይልቅ ያሳምኑታል ብለን እናምናለን።

ለእህትዎም ይደውሉ። «ልጅሽ ልጄን አበላሸብኝ» ብለው ከጀመሩ ወሬው የእናንተ ጠብ ሆኖ ይቀራል፤ «የልጆቻችን ነገር አስጨነቀኝ፣ እሑድ ይህን ሰማሁ» ቢሏት እሷም የራሷን ልጅ ትመለከታለች። በክርስትናው ዕለት እዚያ የነበሩ ልጆች ወላጆች ሁሉ ማወቅ ይገባቸዋል።

ለጊዜው የመኝታ ቤቱ በር አይቆለፍ፣ ስልኮች ሁሉ፣ የእናንተም ጭምር፣ ሌሊት ሳሎን ይደሩ። አንገት ላይ ያለ ሰንበር፣ የዓይን መቅላት፣ ደጋግሞ የሚመጣ ራስ ምታት፣ ብቻውን ከቆየ በኋላ መፍዘዝና ግራ መጋባት፣ በሙቀት ጊዜ አንገትን መሸፋፈን፣ ያለ ቦታው የታሰረ ቀበቶ ወይም ሻርፕ ካዩ ብቻውን አይተዉት፣ ቶሎ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ራሱን ስቶ ካገኙት አንገቱን ያጠበቀውን ነገር ሁሉ ወዲያው አላቅቀው 911 ይደውሉ። ከጨዋታ ይልቅ ኀዘንና ተስፋ መቁረጥ ካዩበት ደግሞ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። በአሜሪካ ራሳቸውን ለመጉዳት ለሚያስቡና ለተጨነቁ ሰዎች የተዘጋጀው የ988 የስልክ መሥመር በማንኛውም ሰዓት ይሠራል፤ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል።

ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። የ14 ዓመት ወንድ ልጄ በስልክ ጌም ሲጫወት ከተዋወቃት «ልጅ» ጋር በቴሌግራም መጻጻፍ ጀመረ። ፎቶ ላከችለት፣ የእሱንም ጠየቀች፤ ላከ። አሁን ያ ሰው ገንዘብ ካልላክህ ፎቶህን ለዘመዶችህና ለክፍል ጓደኞችህ እበትናለሁ እያለ ያስፈራራዋል። ልጄ ምግብ አልበላም ብሎ ሲቀር ነው እናቱ ያወቀችው። ንዴቴ አልበረደልኝም፤ ስልኩን ልሰብረው ነበር። ፖሊስ ጋ ብሄድ ጎረቤት ሰምቶ ልጁ መሳለቂያ ይሆናል። ምን ይሻላል?

መልስ

ስልኩን አይስበሩት፤ ማስረጃው ያለው እሱ ውስጥ ነው። ከስልኩ በፊት ግን ልጁ አለ። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 እስከ መጋቢት 2023 ባለው ጊዜ ከ13 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ጥቆማዎች እንደደረሱትና ተጠቂዎቹ በአብዛኛው ወንዶች ልጆች እንደሆኑ፣ ቢያንስ 20 ልጆችም በዚህ ምክንያት ራሳቸውን እንዳጠፉ አሳውቋል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጅዎ ብቻውን አይደር። ሌላው ነገር ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ከእርስዎ አፍ፣ ከአባቱ አፍ፣ «ያታለለህ ሰው ነው ጥፋተኛው፤ እኔ ካንተ ጋር ነኝ» የሚል ቃል ይስማ። ንዴትዎ እንደሚገባ እናውቃለን፤ ሆኖም አስፈራሪው ልጁን የያዘበት ገመድ «አባቴ ቢያውቅ ይገድለኛል» የሚለው ፍርሃት ነው። እርስዎ ካወቁና ከጎኑ ከቆሙ ያ ገመድ ተበጠሰ።

ገንዘብ አይላክ። የላከ ሰው ይብስ እንደሚጠየቅ የሚመረምሩት ሁሉ ይናገራሉ። መልእክቶቹን፣ የአካውንቱን ስምና ገንዘብ የተጠየቀበትን ቁጥር ስክሪንሾት ያንሱ፤ ከዚያ አካውንቱን በቴሌግራሙ በራሱ ሪፖርት አድርገው ብሎክ ያድርጉት፤ ውይይቱን ግን አያጥፉ። የልጁን ፎቶ «ለማስረጃ» ብለው ለአጎቱም ሆነ ለማንም እንዳይልኩ እናሳስባለን፤ አንድ ጊዜ ከተላለፈ የት እንደሚደርስ አይታወቅም፣ የልጆችን እንዲህ ያለ ምስል ማስተላለፍም ራሱ በሕግ ያስጠይቃል።

በአሜሪካ የሚገኘው የጠፉና የተበደሉ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 «ቴክ ኢት ዳውን» የሚል ነጻ አገልግሎት ጀምሯል። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች በነበረበት ጊዜ የተነሣ የእርቃን ፎቶ ያለው ሰው ስሙን ሳይገልጽ ሊጠቀምበት ይችላል። ፎቶው ከስልኩ አይወጣም፤ ከፎቶው የሚሠራ ዲጂታል አሻራ ብቻ ተልኮ እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ያሉ ተሳታፊ ድርጅቶች ምስሉን ካገኙት እንዲያነሡት ያደርጋል።

ስለ ፖሊስ የሚሰጉት ይገባናል። ቢሆንም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸሙ ጸያፍ ድርጊቶችን፣ በአንቀጽ 13 ደግሞ ማስፈራራትን በወንጀልነት ደንግጓል፤ ሕጉ የልጅዎ ነው። ጣቢያ ሲሄዱ በረንዳ ላይ ጉዳዩን መዘርዘር አይጠበቅብዎትም፤ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚመለከተውን ክፍል ብለው ይጠይቁና በዝግ ያስረዱ። ልጅዎም ብቸኛ አይደለም። ዩኒሴፍ፣ ኢንተርፖልና የልጆችን ወሲባዊ ብዝበዛ የሚታገለው ኤክፓት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት የኢትዮጵያ ጥናት፣ ከ12 እስከ 17 ዓመት ሆነው ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ልጆች 10 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ በበይነመረብ በኩል ግልጽ የሆነ ወሲባዊ ብዝበዛና ጥቃት ደርሶባቸዋል። ይህን ቁጥር ለልጅዎ ቢነግሩት ጥሩ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው እሱን ብቻ እየመሰለው ነው ምግብ የተወው።

ጌሙን ወደፊት እንዲጫወት ይፈቅዱ እንደሆነ ከሳምንታት በኋላ አብራችሁ ትወስናላችሁ። ሲወስኑ ግን አንድ ነገር ይግባቡ፦ ጌም ውስጥ የተዋወቀው ሰው «ና ወደ ቴሌግራም» ሲለው ወይም ፎቶ ሲጠይቀው፣ መጥቶ ስለነገራችሁ ስልኩን እንደማትነጥቁት።

ጥያቄ

ከእስራኤል፣ ከነታንያ ነው። በቤተሰባችን የዋትስአፕ ቡድን ውስጥ አንድ የሚያስፈራ ፊት ያለው ፍጡር በልጆች ቪዲዮ መካከል ብቅ እያለ ራሳቸውን እንዲጎዱ ያዝዛል የሚል ማስጠንቀቂያ ከነፎቶው ተላከልኝ። የልጅ ልጆቼ እኔ ዘንድ ነው የሚውሉት። ለሌሎች ላስተላልፈው?

መልስ

አያስተላልፉት እማማ። ይህ ወሬ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 «ሞሞ» በሚል ስም ዓለምን ዞሯል። ፎቶው በጃፓን በ2016 የተሠራ ቅርጻ ቅርጽ ነው። በብሪታንያ በልጆች ደኅንነት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች በዚህ ምክንያት የተጎዳ ልጅ ስለመኖሩ ማስረጃ እንደሌለ ተናግረዋል፤ ሕፃናቱን ያስደነገጠው በአብዛኛው ወላጆችና ትምህርት ቤቶች ደጋግመው የላኩት ፎቶ ነበር።

ልጆቹን «ስልክ ላይ ያስፈራችሁ ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁ፤ ስሙንና ፎቶውን አይጥቀሱ። ስልኩን ሲሰጧቸው እርስዎ ባሉበት ክፍል፣ ድምፁ እየተሰማ ይመልከቱ። አንድ ሰው በእርግጥ ልጆቹን በኢንተርኔት ካስፈራራ ወይም ካስቸገረ በእስራኤል 105 ብለው ይደውሉ፤ ልጆችን በኢንተርኔት ከሚደርስባቸው ጉዳት ለመጠበቅ የተቋቋመ ብሔራዊ መሥመር ነው። ዕብራይስጡ የሚያስቸግርዎት ከሆነ ልጅዎ አብሮዎት ሆኖ ይደውልልዎት።